በዓይን በኩል የታየው 5.8 የጭንቅላት ውስጥ ግፊት አይደለም

ጥያቄ፦ «የ28 ዓመት ወንድሜ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱን ከሳተ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ በገባበት ሆስፒታል ዓይኑ ላይ አልትራሳውንድ አድርገው ‹6.1 ነው፣ ግፊት አለው› አሉንና ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩት። እዚያ ትናንት ሲታይ 5.8 ሆነ። እየወረደ ነው ብለን ስንጽናና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ‹ሲቲ ስካኑ ላይ ዕብጠቱ ጨምሯል፣ የራስ ቅሉን በስተን የግፊት መለኪያ እናስገባ፣ ፈርሙ› አሉን። አባታችን ‹በዓይኑ በኩል እየለኩት ጭንቅላቱን ምን ያስበሳቸዋል› ብለው አልፈርምም አሉ። እኔም ግራ ገባኝ። በአልትራሳውንዱ ብቻ መከታተል አይቻልም ወይ?»

6.1ም ሆነ 5.8 የግፊት ልኬት አይደሉም። ከዚህ ካልጀመርን ሌላው ሁሉ ይዛባል። በጭንቅላት ውስጥ ያለ ግፊት እንደ ደም ግፊት በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው የሚለካው። በተጋደመ ጤነኛ አዋቂ ላይ ከ7 እስከ 15 ገደማ ይሆናል፤ በከባድ የጭንቅላት ጉዳት ጊዜ ከ22 ሲያልፍ እንዲታከም ይመከራል። ለእናንተ የተነገራችሁ ቁጥር ግን የስፋት ልክ ነው። ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚወጣውን ነርቭ የሸፈነው ሰገባ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ ይናገራል። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ሰገባው ስለሚነፋ ስፋቱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ግፊቱ ስንት እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ሁለተኛው የሚታረመው «ወረደ» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሰው በአንድ ማሽን ለካው፣ ሁለተኛውን ሌላ ሰው በሌላ ማሽን። ልምድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ዓይን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢለኩት እንኳ በ0.2 ወይም በ0.3 ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። የተጽናናችሁበት ልዩነት 0.3 ነው። ስለዚህ የወንድምዎ ግፊት ቀንሷል ማለትም ጨምሯል ማለትም በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አይቻልም። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሰገባው ሰፊ ነው፣ ግፊት ሳይኖር አይቀርም። ቀዶ ሐኪሙም ከዚህ የተለየ ነገር አልተናገሩም።

አባትዎ የጠየቁት ጥያቄ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በወጉ መመለስ አለበት። የአዋቂ ሰው የራስ ቅል አይለጠጥም። ውስጡ አንጎል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ አሉ፤ ከቦታው 80 በመቶ ያህሉን አንጎሉ ይይዛል፣ የቀረውን ደሙና ፈሳሹ ከሞላ ጎደል እኩል ይካፈሉታል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ቦታ መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። አንጎል ሲያብጥ መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ ህብለ ሰረሰር ይገፋል፤ በደም መላሽ ሥሮች ያለው ደምም ተጨምቆ ይወጣል። ይህ መላ እስኪሟጠጥ ድረስ ዕብጠቱ ቢጨምርም ግፊቱ ብዙ አይንቀሳቀስም። ከተሟጠጠ በኋላ ግን የጥቂት ሚሊሊትር ጭማሪ ግፊቱን ሽቅብ ያስፈነጥረዋል። ቤተሰብ «ጠዋት እኮ ደህና ነበር» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ደህና አልነበረም፤ ጠዋት ገና ቦታ ነበረው።

ዓይን እዚህ ውስጥ የገባው የዓይን ነርቭ ወደ ፊት የወጣ የአንጎል ቅርንጫፍ ስለሆነ ነው። አንጎልን የሸፈኑት ሽፋኖች አብረውት ይወጣሉ፤ በነርቩና በሰገባው መካከልም ያው የአንጎል ፈሳሽ አለ። ውስጥ ግፊት ሲበረታ ፈሳሹ በዚህች ጠባብ መንገድ ወደ ፊት ይገፋና ሰገባውን ይነፋዋል። ይበልጥ የሚለጠጠው ለዓይን ኳስ የቀረበው ክፍል ስለሆነ የሚለካው ከኳሱ ጀርባ 3 ሚሊሜትር ላይ ነው። ድሮ ሐኪም የዓይን መመልከቻ ይዞ የነርቩን ጫፍ ዕብጠት ይፈልግ ነበር፤ ያ ዕብጠት እስኪታይ ግን ብዙ ሰዓታት፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀናት ይፈጃል። ሰገባው በደቂቃዎች ውስጥ ይሰፋል። ሕመምተኛው ካለበት ሳይነሳ፣ ጨረር ሳይነካው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህን ማየት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ዘዴውን አልንቅም፤ በሥራዬ ከማዘወትራቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ስፋቱን ወደ ግፊት ለመመንዘር ሲሞከር ነው። የትኛው ስፋት ከየትኛው ግፊት ጋር እንደሚገጥም ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም፤ የተለያዩ ጥናቶች ድንበሩን ከ5.0 እስከ 6.0 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ በተለያየ ቦታ አስምረውታል። ይህ የአጥኚዎች ጥፋት አይደለም። ጤነኛ ሰዎች ራሳቸው በተፈጥሮ የሰገባ ስፋታቸው ይለያያል፣ ወንድምዎ ከመውደቁ በፊት ስንት እንደነበር ደግሞ የለካው የለም። ማሽኑ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመርም ሁልጊዜ ነርቩ አይደለም፤ ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚወድቅ ጥላ ነርቭ መስሎ ብዙ ጀማሪዎችን አሳስቷል። ፕሮቡ (ዓይን ላይ የሚያርፈው የማሽኑ እጀታ) ትንሽ ቢዘነብል፣ የሰገባው ውጭኛ ጠርዝ ከውስጠኛው ባይለይ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሊጨመር ወይም ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ልኬት ደግሞ «ደህና ነው» እና «ያሰጋል» የሚለያዩት በዚያችው ግማሽ ሚሊሜትር ነው። የዓይን ነርቭ ብግነት፣ በታይሮይድ ሰበብ የሚመጣ የዓይን ሕመም፣ ዓይን አካባቢ የደረሰ ምት፣ እነዚህም ሁሉ ከጭንቅላት ግፊት ጋር ሳይገናኙ ሰገባውን ሊያሰፉ ወይም ልኬቱን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የወንድምዎን ጉዳይ የሚነካው ግን የመለጠጡ ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ በከባድ ግፊት የተነፋ ሰገባ፣ ላስቲኩ እንደላላ ካልሲ፣ ግፊቱ ሲወርድ ወዲያው ወደ ልኩ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ተሰጥቶ ሰገባው ሳይጠብ ቢቀር መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይቻልም። ከሦስትና ከአራት ቀን ወዲህ የሚነሳው ዋና ጥያቄ ደግሞ «ግፊት አለ ወይ» ሳይሆን «የሰጠነው ሕክምና እየሠራ ነው ወይ» የሚል ነው። ሰገባው ደካማ የሚሆነው ልክ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ምናልባት ሌላ ዓይነት አልትራሳውንድ ሲደረግለትም ታዩ ይሆናል፤ ከጆሮ ፊት ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ በሚሳሳበት በኩል። ሩነ ኦስሊድና ባልደረቦቹ በ1982 ያስተዋወቁት የአንጎል ዶፕለር ነው፣ በ2 ሜጋኸርዝ ሞገድ በአንጎል ደም ሥሮች ውስጥ የሚሮጠውን ደም ፍጥነት ይለካል። ልብ ስትረጭ ደሙ ይፈጥናል፣ ልብ ስታርፍ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቆምም። በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ በዕረፍት ጊዜ ያለው ፍሰት ነው። ለምሳሌ በርጭት ጊዜ በሰከንድ 100 ሴንቲሜትር፣ በዕረፍት 40፣ በአማካይ 60 የሚሮጥ ደም ቢኖር የሁለቱ ልዩነት ለአማካዩ ሲካፈል 1.0 ይመጣል፤ ይህ ጤነኛ ልክ ነው። በርጭት 90፣ በዕረፍት 15፣ በአማካይ 40 ቢሆን ደግሞ 1.9 ገደማ ይሆናል፤ ይህን የሚያይ ሐኪም ከወንበሩ ይነሳል።

ግን ይህም ቁጥር ብቻውን አይታመንም። የመተንፈሻ ማሽኑ ፈጠን ብሎ የደም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢወርድ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ቁጥሩም ግፊት ሳይጨምር ይጨምራል። ታችኛው የደም ግፊት ከወረደ፣ የልብ ምት በጣም ከዘገየ፣ የልብ በር የሚያፈስ ከሆነም እንዲሁ። ከአሥር ሰዎች በአንዱ ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ አጥንቱ ሞገዱን ጨርሶ አያሳልፍም። ከፍጥነቶቹና ከደም ግፊቱ ተነስተው የጭንቅላት ውስጥ ግፊትን በሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚገምቱ ቀመሮች አሉ፤ ለአንድ ሕመምተኛ ሲሰሉ ግን በ10 እና ከዚያ በላይ ሊስቱ ይችላሉ። 18 የተባለው 28 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 18ን ትተን እናልፋለን፣ 28ን በአስቸኳይ እናክማለን።

ዶፕለር የሚታመነው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። ፍሰቱ ንጹሕና ጤናማ ሲሆን ከባድ ግፊት የመኖሩ ዕድል ያንሳል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የዕረፍቱ ፍሰት ጠፍቶ፣ ብሶም ደሙ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር፣ ምንም ቀመር አያስፈልግም። የተለመደው ረጅም «ሽውው» አጥሮ «ጥ... ጥ...» ብቻ ሲቀር የሰማ ባለሙያ ያን ድምፅ አይረሳውም። መካከለኛው ሜዳ ላይ፣ ማለትም ወንድምዎ አሁን ያለበት ሊሆን በሚችለው ቦታ፣ ዶፕለሩም እንደ ሰገባው ያመነታል።

በራስ ቅል በኩል የሚገባው መለኪያ ይህን ማመንታት ያስቀራል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው ስስ ሽቦ ሲሆን በጥቂት ሚሊሜትር ቀዳዳ በኩል ወደ አንጎል ይገባል፣ ይለካል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ሁለተኛው የአንጎል ፈሳሽ ወደሚገኝበት ጓዳ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ይለካል፣ ግፊቱ ሲያይል ደግሞ ፈሳሹን እያፈሰሰ ያቀልላል። አልትራሳውንድ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሩን ከፈት አድርጎ እንደማየት ነው። መለኪያው ግን ሌሊቱን ሁሉ እዚያው ነው። ነርሷ የመተንፈሻ ቱቦውን ስትመጥ፣ ሕመምተኛው ሲያስል፣ ትኩሳት ሲነሳ፣ አንገቱ ተጣሞ ሲቀር ግፊቱ ምን ያህል እንደዘለለና በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ ያሳያል።

ከዚያ የሚገኘውም አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ከአማካይ የደም ግፊት ላይ የጭንቅላቱ ግፊት ሲቀነስ አንጎል የሚመገብበት ግፊት ይገኛል፤ በአዋቂ ከ60 እስከ 70 እንዲሆን ይፈለጋል። አማካይ የደም ግፊቱ 85 የሆነ ሰው የጭንቅላቱ ግፊት 15 ከሆነ 70 ይተርፈዋል። 30 ከሆነ የሚተርፈው 55 ነው፣ አንጎሉ እየተራበ ነው ማለት ነው። ክንዱ ላይ ያለው የደም ግፊት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ከአልጋው ጎን የቆመ ሰው ልዩነቱን በምንም አያይም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነገር አለ፤ ግፊት ማውረጃው ሕክምና ራሱ ይጎዳል። ማኒቶል የሚባለው ግፊት ማውረጃ መድኃኒት የሰውነትን ፈሳሽ ያደርቃል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል፤ ከባድ ማደንዘዣ የደም ግፊት ይጥላል፤ ትንፋሽን ማፍጠን ግፊቱን ቢያወርድም ለአንጎል የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። በግምት የሚሰጥ ሕክምና አንድም ይበዛል አንድም ያንሳል።

የመበሳቱን አደጋ አልሸፋፍነውም። ሁለት ነው፣ መድማትና ኢንፌክሽን። በተለይ ቱቦው ከሽቦው ይልቅ ለሁለቱም የተጋለጠ ነው፣ ኢንፌክሽኑም ቱቦው በቆየ ቁጥር ያሰጋል። አብዛኛው መድማት በሲቲ ስካን የሚታይ፣ ቀዶ ሕክምና የማይጠይቅ ትንሽ ነገር ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከባድ ይሆናል። የደም መርጋት ችግር ያለበት ሰው ላይ መበሳቱ ይዘገያል ወይም ይቀራል። እንዲህ ሆኖም ራሱን ለሳተ፣ ሲቲ ስካኑ ዕብጠት ላሳየ፣ ያም ዕብጠት እየጨመረ ለመጣ የ28 ዓመት ሰው ሚዛኑ ወደ መለኪያው ያጋድላል።

አንድ ሰው «መለኪያው ለውጥ አያመጣም የሚል ጥናት አለ» ብሎ አባትዎን ሊያጸናቸው ይችላል፣ ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር። ጥናቱ አለ። በ2012 ይፋ የሆነ፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር በ324 ሕሙማን ላይ የተደረገ ነው። በመለኪያ የታከሙትና በሐኪም ምርመራና በተደጋጋሚ ሲቲ ስካን የታከሙት ውጤታቸው አልተለያየም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በጥብቅ መመሪያ የግፊት ሕክምና ያገኙ ነበሩ፤ መለኪያ ያልገባላቸው ያለ ሕክምና አልተቀመጡም። የዓይን አልትራሳውንድም እዚያ አልተፈተነም። ጥናቱ የሚያስተምረው መለኪያ በሌለበት በጥንቃቄ የተያዘ ሕመምተኛ ተስፋ እንዳለው ነው። መለኪያው፣ ቀዶ ሐኪሙና ክፍሉ ተዘጋጅተው ሳለ በዓይን በኩል የታየ አንድ ቁጥር ይዞ «ይቅር» ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም።

አልትራሳውንዱ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። የአንጎል ቀዶ ሐኪም በሌለበት «ይህ ሰው አሁኑኑ ይላክ ወይስ ይደር» የሚለውን ለመወሰን ይረዳል፤ የመጀመሪያው ሆስፒታል ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ያችም 6.1 ምናልባት ጠቅማዋለች። ጉበቱ ደክሞ ደሙ የማይረጋን፣ በማጅራት ገትር የተያዘን፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ የደም ግፊት ራሷን የሳተችን ሕመምተኛ ለመከታተልም ያገለግላል። እርግብግቢታቸው ያልተዘጋ ሕፃናት ላይማ በዚያው በኩል አንጎሉ ራሱ ይታያል። የአሠራሩ ጥንቃቄዎች ጥቂት ናቸው። የዓይን ኳስ ተቀድዶ ወይም ተበስቶ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ ፕሮብ አይነካውም፤ ከሞተር ለወደቀ ሰው ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የማሽኑ ኃይል ለዓይን በተፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ላይ መሆን አለበት። ጄሉ ይብዛ፣ ፕሮቡ አይጫን፤ ዓይን ሲጫኑት የልብ ምት ሊዘገይ ይችላል።

የእኔ ምክር፦ ፈርሙ። ከመፈረማችሁ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ሽቦ ነው ወይስ ቱቦ፣ የደም መርጋት ምርመራው ምን አለ፣ ግፊቱ ስንት ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ፣ ስንት ቀን ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሳይቆጡ የሚመልስ ሐኪም ሥራውን የሚያውቅ ነው። የዓይን አልትራሳውንዱም እንዳይቋረጥ ለምኑ። መለኪያው በገባ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለቱም ዓይኖች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሰውና በአንድ ማሽን ይለኩ። ያን ጊዜ የወንድምዎ 5.8 ከየትኛው ግፊት ጋር እንደሚሄድ ይታወቃል፣ መለኪያው ከወጣ በኋላም ቁጥሩ ከዛሬው የተሻለ ትርጉም ይኖረዋል።

የደም ምርመራው መበሳትን ከከለከለ ወይም አባትዎ ጨርሶ እምቢ ካሉ ሰገባው ብቻውን አይበቃም። ሰገባውና ዶፕለሩ በቀን በተወሰኑ ሰዓቶች ይታዩ፣ ሲቲ ስካኑ ይደገም፣ የዓይን ብሌኖቹ በየሰዓቱ ይፈተሹ፤ ሐኪሞቹም ከሰገባው፣ ከዶፕለሩና ከሲቲ ስካኑ ሁለቱ ሲከፉ እንደ ከፍተኛ ግፊት ቆጥረው ያክሙት። አንዱ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን አልጠብ ካለ፣ ወይም የደም ግፊቱ እየጨመረ የልብ ምቱ ከዘገየ ግን አልትራሳውንድ ይምጣ ብሎ መጠበቅ የለም፤ በዚያችው ደቂቃ ተረኛው ሐኪም ይጠራ።

ለአባትዎ ደግሞ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፦ በዓይኑ በኩል እየለኩት የነበረው ጥላውን ነው፤ ሐኪሙ የሚጠይቁት ዋናውን ለማየት ነው። ንግግሩ ግን ከዛሬ ማታ አይለፍ፤ የአንጎል ዕብጠት በብዛት የሚከፋው በእነዚሁ ቀናት ነው።